ያ የጥይትና የጉማጅ ጥያቄ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ። ይህን ያህል ዘመን ድምፄን ማጥፋቴ ጥፋቴ ነው፤ ይቅር በለኝ። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ያ ሌሊቱን ሙሉ የተከራከርንበት ጥያቄ ነው። በገመድ የተንጠለጠለ የእንጨት ጉማጅ፣ ውስጡ ገብቶ የሚቀር ጥይት፣ ከዚያ ሁለቱ አብረው ከፍ ሲሉ፤ ጥይቱ ከመግባቱ በፊት ፍጥነቱ ስንት ነበር?

ትዝ ይልሃል? ጥይቱ 10 ግራም፣ ጉማጁ 1.99 ኪሎ፣ ከፍታው 5 ሴንቲሜትር። እኔ ኢነርጂ አይጠፋም ብዬ የጥይቱን ኪነቲክ ኢነርጂ (የእንቅስቃሴ ኢነርጂውን) ወደዚያ ከፍታ ለመውጣት ከሚፈጀው ኢነርጂ ጋር በቀጥታ አስተካከልኩና በሰከንድ 14 ሜትር ነው አልኩ። አንተ «ጥያቄውን ሁለት ደረጃ አድርገው፤ መግባቱ ለብቻ፣ ከፍ ማለቱ ለብቻ» አልከኝ፤ አልሰማሁህም።

ሰሞኑን የማስጠናው ልጅ ያችኑ 14 ይዞልኝ መጣ። ሳስረዳው ከአፌ የወጣው ያንተ ቃል ነበር። ጥይቱ የሚገባባት ቅጽበት እጅግ አጭር ናት፤ ገመዱ ገና አልተዘነበለም፣ ወደ ጎን የሚጎትት የውጭ ኃይል የለም፣ ስለዚህ ሞመንተሙ፣ ማለትም መጠነ ቁሱ በፍጥነቱ ተባዝቶ የሚገኘው፣ እንዳለ ይተላለፋል። ከፍ ማለት ሲጀምሩ ግን ስበትና ገመዱ ሞመንተሙን ይለውጡታል፤ እዚያ የሚያዋጣው ኢነርጂ ነው። ከኋላ ተነሳን፦ 5 ሴንቲሜትር ለመውጣት መነሻው ላይ በሰከንድ 0.99 ሜትር ያስፈልጋል። እሱን በሁለቱ ድምር በ2 ኪሎ አባዝተን ለጥይቱ 0.01 ኪሎ ስናካፍል የጥይቱ ፍጥነት በሰከንድ 198 ሜትር ሆነ።

በዚህ ፍጥነት የጥይቱ ኢነርጂ 196 ጁል (ጁል የኢነርጂ መለኪያ ነው) ይሆናል፤ ልጁ አልተዋጠለትም። «196 ጁል ይዞ የገባው እንዴት 1 ጁል እንኳ አይቀርለትም?» አለኝ። ደስ አለኝ፤ እኔ ያኔ ይህን አልጠየቅሁም። ምስማር አምጥቼ እንጨት ላይ ደጋግሜ መታሁና አናቱን አስነካሁት። ጣቱን ቶሎ አነሳ። ጥይቱም እንዲሁ ነው፤ ኢነርጂው እንጨቱን በመሰንጠቅና በማሞቅ ያልቃል።

እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ሮቢንስ እ.ኤ.አ. በ1742 ባሳተመው መጽሐፍ የጥይትን ፍጥነት የሚለካው በዚሁ ዘዴ እንደሆነ ሳነብ መጀመሪያ ልነግረው የፈለግሁት ሰው አንተ ነበርክ።

አሁን ደግሞ ያው ጥይት ጉማጁን በስቶ በሰከንድ 100 ሜትር ቢወጣስ? እኔ ጉማጁ 1.2 ሴንቲሜትር ገደማ ከፍ ይላል ብያለሁ። አንተም ሠርተህ ላክልኝ፤ በዚህኛውም ከተሳሳትኩ እንደ ድሮው አታባብለኝ።

የማይረሳህ ወንድምህ