ስለዚያ ሳጥን ጉዳይ

ይድረስ ለልጄ፣

እንዴት ነሽ የኔ ዓለም? እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ደሴ ብርዱ ብሶበታል። ጠዋት ሹራብ ላይ ጋቢ ደርቤ ነው ታክሲ የምጠብቀው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ሱቅ ስደርስ ጋቢውም ሹራቡም ወንበር ላይ ይወረወራሉ። ይሄን በኋላ እፈልገዋለሁ፣ ያዢልኝ።

ባለፈው በስልክ "እማ፣ 20 ዓመት ፕላስቲክ ሸጠሻል፣ ለቦኣ እባቤ የሚሆን ሳጥን ምረጪልኝ" ስትዪኝ መጀመሪያ ሳቅሁ። ሌሊት ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። እኔ ደግሞ በቪዲዮ ብቻ አይቼው፣ ሱቅ ውስጥ የተጠቀለለው የውሃ ጎማ ንቅንቅ ባለ ቁጥር እደነግጣለሁ።

ለአያትሽ አልነገርኳትም። ዓሣ ነው የምታረባው ብያታለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ለማንኛውም ጥያቄሽ የሙያዬ ነው። እባቡን አንቺ ታውቂያለሽ። ሳጥኑን ግን እኔን ስሚኝ።

የእባቡ ርዝመት 2 ሜትር ከ10 ሳንቲም ነው ብለሽኛል። ፎቶውን የላክሽልኝ ሳጥን ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 60 ሳንቲም ነው። "የሳጥኑ ርዝመትና ወርድ ሲደመር ቢያንስ የእባቡን ያህል ይሁን" የሚል የድሮ አርቢዎች ልማድ እንዳለም ነግረሽኝ ነበር። ደመርኩት። 180 መጣ። 30 ሳንቲም ጎደለ። አሁን አሁን ደግሞ እባቡ ቀጥ ብሎ የሚዘረጋበት ቦታ ይኑረው የሚሉት በዝተዋል አላልሽም? እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ሰውም ቢሆን እግሩን ሳይዘረጋ አድሮ አይነጋለትም። እንደዚያ ከሆነ እኔ ከምሸጠው ሳጥን ሁሉ የሚበቃው የለም። ነጋዴ ሆኜ ይሄን ስልሽ እመኚኝ።

ስለዚህ ሳጥኑ ቤቱ አይሁን። ቤቱን ሰፋ አድርገሽ አሠሪለት። ሳጥኑ ግን ያስፈልግሻል። ትልቁ እስኪያልቅ ይቆይበታል። ቤቱ ሲጸዳ ይገባበታል። ሐኪም ጋ ትወስጂበታለሽ። ሌላ እባብ ካመጣሽም (አታምጪ!) በሽታ እንዳያጋባበት ለብቻው የምታቆዪበት ይሆናል።

አሁን ወደ ዕቃው። ሳጥኑን ገልብጪና ከሥሩ ያለውን ሦስት ማዕዘን ፈልጊ። በመሐሉ ቁጥር አለ። 5 ከሆነ ፖሊፕሮፒሊን ነው፣ ውሰጂው። ወተት የነካው የሚመስል፣ ጫን ስትዪው ገባ ብሎ የሚመለስ ነው። 2 ቁጥርም ጠንካራ ነው። እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለው፣ ስትነኪው ቀጭ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ 6 ቁጥር ነው። ሲያዩት ያምራል። ደንበኛም እሱን ነው ቀድሞ የሚያነሣው። ጥግ ጥጉን ይሰነጠቃል። 7 ኪሎ ሥጋ ተሸክመሽ ደረጃ ላይ ሳለሽ ቢሰነጠቅ አስቢው። እባቡን ከውጭ ካላየሁት እንዳትዪ ደግሞ። ቦኣ መደበቅ ይወዳል፣ ግድግዳው ደብዘዝ ቢል ለእሱ ሰላም ነው።

ሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ የከረመ ሳጥንም አትግዢ። እዚህ ኮምቦልቻ አንድ ክረምት ከበጋ ውጭ የረሳኋቸው ባልዲዎች በጣቴ ስነካቸው እንደ ቂጣ ተሰበሩ። ያገለገለ ከሆነ አፍንጫሽን ክተቺበት። ፕላስቲክ ሽታ ይይዛል። ጋዝ የነበረበት ጀሪካን አሥር ጊዜ ታጥቦም ጋዝ ጋዝ እንዳለ ነው።

ዋናው ክዳኑ ነው ልጄ። ሰው ሳጥን ሲገዛ ስፋቱን እንጂ ክዳኑን አያይም። ያ የበዓል ዶሮ ትዝ ይልሻል? ትልቁ ሣጥን ውስጥ ከትቼው ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጭኜ ነበር። ድንጋዩ ክዳኑን መሐሉ ላይ አጎበጠው፣ ጠርዙ ተነሣ፣ ዶሮው በዚያች ቀዳዳ ወጥቶ ጎረቤት ጣሪያ ላይ ተገኘ። አባትሽ መሰላል ሲለምን ዋለ። አንቺም ሳቅሽ እስኪያልቅሽ ሳቅሽ። እንግዲህ ዶሮ ይሄን ካደረገ፣ መላ አካሉ ጡንቻ የሆነ ፍጥረት ምን ያደርጋል?

እባብ ክዳን የሚከፍተው በብልሃት አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ በጭንቅላቱ ጠርዝ ጠርዙን እየገፋ፣ የላላውን እየፈለገ ነው። ብዙዎቹ ሳጥኖች መቆለፊያቸው ግራና ቀኝ ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ረጅሙ ጎን መሐሉ ላይ ምንም የለውም። አንቺ ልትገዢው ስትይ ክዳኑን ዝጊና፣ እጅሽን ከውስጥ አስገብተሽ መግፋት ስለማትችዪ፣ ከውጭ በአውራ ጣትሽ የረጅሙን ጎን መሐል ወደ ላይ ግፊው። ጣት የሚያስገባ ክፍተት ከፈጠረ ተዪው። በረጅሙም ጎን መቆለፊያ ያለው ፈልጊ። ካጣሽ ሳጥኑን ዙሪያውን በጭነት ማሰሪያ ቀበቶ ሁለት ቦታ እሰሪው። ድንጋይ አትጫኚ። የዶሮውን አይተናል።

አሁን የሹራቤ ነገር። እባብ ገላውን ራሱ ማሞቅ አይችልም ብለሽኛል። ስለዚህ ሳጥኑ አንድ ዓይነት ሙቀት ብቻ ሊኖረው አይገባም። አንደኛው ጫፍ ኮምቦልቻ፣ ሌላኛው ጫፍ ደሴ ይሁን። እሱ ሲበርደው ሐረጎን ይውረድ፣ ሲሞቀው ይውጣ። ለቦኣ ሞቃቱ ጎን 31 ዲግሪ አካባቢ፣ ቀዝቃዛው 26 አካባቢ አልሽኝ አይደል? የደሴ ሰው 26 ዲግሪ ቀዝቃዛ ሲባል ይስቃል፣ ይሁን። በሁለቱም ጫፍ መደበቂያ አድርጊለት፣ ለመደበቅ ብሎ እንዳይበርደው።

የማሞቂያ ምንጣፉ ከሳጥኑ ሥር አንድ ሦስተኛውን ብቻ ይያዝ። ቴርሞስታት የምትሉት የሙቀት መቆጣጠሪያ ከሌለው ባይሰካ ይሻላል። እባብ ሆዱ እየተቃጠለ እዚያው ሊተኛ ይችላልና። ሳጥኑም ምንጣፉ ላይ ድፍት ብሎ አይቀመጥ። አየር ካጣ ሙቀቱ ታምቆ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል። የተጣመመ ሳጥን ደግሞ ክዳኑ አይገጥምም፣ ዞረን ዶሮው ጋ መጣን። አምፖልም ክዳኑ ላይ እንዳታስቀምጪ።

ቀዳዳ ስትበሺ ከውስጥ ወደ ውጭ ብሺ። ሹል ሹሉ ወደ ውጭ ይቅር። እባቡ አፍንጫውን እያሸ ይልጠዋልና ውስጡን በአሸዋ ወረቀት አለስልሺው። በጋለ ብረት የምትበሺ ከሆነ ውጭ ሆነሽ አድርጊው፣ ጭሱ ለሳንባ አይሆንም። ቀዳዳውን ክዳኑ ላይ ሳይሆን ጎንና ጎኑ ላይ አድርጊው። መጀመሪያ ጥቂት ብሺ። የተበሳ አይደፈንም። ግድግዳው ሁልጊዜ የሚያልብ ከሆነ ጨምሪ። እርጥበት ታምቆ ከቆየ ቆዳውን ያቆስለዋል፣ ሳንባውንም ያሳምመዋል። ቆዳውን ሲገፍ ቁርጥራጭ እየሆነ ከወጣ ደግሞ ደርቆበታል ማለት ነው። እዚያ በክረምት የቤት ማሞቂያ አየሩን ያደርቃል ስላልሽ ፕላስቲኩ በዚህ ይጠቅምሻል፣ ከመስታወት የተሻለ እርጥበት ይይዛል።

ማጠቢያው በረኪና ነው። አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ። ከሌላ ማጽጃ ጋር እንዳትቀላቅዪ። በደንብ አለቅልቀሽ ሽታው እስኪጠፋ አድርቂው። በሽቦ አትፈትጊ፣ ጭረቱ ቆሻሻ ይይዛል።

አንድ ነገር ደስ ብሎኛል። የእኛ ቆላ ዘንዶ አለመሆኑ። የእህትሽ ልጅ አንብቦልኝ፣ አሜሪካኖቹ እሱን በፈረንጆቹ 2012 ወደ አገራቸው እንዳይገባ ከልክለውታል። ያንቺው ከከለከሏቸው ዝርዝር ውስጥ የለም። የከተማሽን ሕግና የቤት ኪራይ ውልሽን ግን አንብቢ፣ አከራይሽ በሌሎች አፍ እንዳይሰማ። ስትመግቢውም ብቻሽን አትሁኚ።

የክዳኑን ፎቶ ላኪልኝ። የክዳኑን ብያለሁ፣ የእሱን አይደለም።

አያትሽ ትናንት በረካው ላይ "ዓሣው አደገላት?" አለችኝ። "ሁለት ሜትር ሆኗል" አልኳት፣ ሳላስበው። ስኒዋን አስቀመጠችና "ታዲያ ምን ትጠብቃለች? አትበላውም?" አለች።

እናትሽ