ቀን ታስሮ ማታ የሚለቀቅ ውሻ

ክቡር አዘጋጅ፣

በከተማችን መሐል የውሻ ነገር በተነሣ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው «ባለቤት የለሽ» በሚባሉት ላይ ነው። የአብዬን ወደ እምዬ ይሏል ይህ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ፣ ከካዛንቺስ እስከ እስጢፋኖስ በመንጋ የሚዞሩትን ውሾች ልብ ብሎ ላየ፣ የብዙዎቹ አንገት ላይ ማሰሪያ፣ ካልሆነም ማሰሪያ የላጠው ጠባሳ አለ። ሲነጋ በየበራቸው ተጠቅልለው ይገኛሉ። ዘበኛው ከፍቶ ያስገባቸዋል፤ ቀኑን በሰንሰለት ይውላሉ፤ ሲመሽ በሩ እንደገና ይከፈትላቸዋል። ልንጽፍ የተነሣነው ስለዚህ ልማድ ነው።

ቀን የሚታሰረው «እንዲከፋ»፣ ማታ የሚለቀቀው «እንዲጠብቅ» ነው ይባላል። ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ የቆሻሻ ገንዳ ላይ ሲበላ ያደረ ውሻ ታዲያ የሚጠብቀው ገንዳውን ነው። ከግቢ የወጣ ውሻ ለግቢው ጥበቃ አይሆንም። ብቻውን ሲሆን ሰው ሸሽቶ የሚያልፈው እንስሳ አምስትና ስድስት ሆኖ ሲሰበሰብ፣ በተለይም መሐላቸው ወንዶቹ የሚፈልጓት ሴት ውሻ ስትኖር፣ ሌላ እንስሳ ይሆናል። ይህን የሚከፍሉት ለኪዳን ወደ ጊዮርጊስ የሚገሰግሱ እናቶች፣ ለሱብሂ ወደ በኒን መስጊድ የሚወጡ አባቶች፣ ዳቦ ቤት ለመግባት የሚጣደፉ ወጣቶች ናቸው። ባለቤቱ «የኔ አይደለም፣ አምልጦ ነው» ቢል በሕግ አያድነውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ሲደነግግ፣ በድንገት ያመለጠ ቢሆን እንኳ ብሎ ነው።

ንክሻው ብቻውን አስጊ ባልሆነ ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ለሰውም ለውሻም መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚያዙት ሰዎች 99 በመቶዎቹን ያስያዘው ውሻ ነው። ሕዝቡ የሚያውቀው ለሃጩን እያዝረበረበ የሚናከሰውን ነው። ዝም ብሎ ጥግ የሚይዘው፣ መንጋጋው ወርዶ መዋጥ ያቃተው፣ ድምፁ የጎረነነውም ያው ነው፤ ባለቤቱ አጥንት የተሰነቀረበት መስሎት እጁን አፉ ውስጥ የሚከተው ለዚህኛው ነው። አጥንት ነው ብሎ እጅ ከመስደድ በፊት የእንስሳት ሐኪም መጥራት ያሻል።

ክትባቱ ቡችላው 3 ወር ሲሞላው ይሰጣል፤ በዓመቱ ይደገማል፤ ከዚያ በኋላ የአዲስ አበባን ያህል ስጋት ባለበት ቦታ በየዓመቱ ነው። እዚህ ላይ ሦስት ስህተቶች ደጋግመው ይታያሉ። አንደኛው፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ላይ ተጀምሮ እስከ 16 ሳምንት በየ3 እና 4 ሳምንቱ የሚሰጠውን፣ ፓርቮና ዲስቴምፐር የሚባሉትን ሌሎች የውሻ በሽታዎች የሚከላከል ክትባት ከዚህኛው ጋር ማምታታት ነው። «ተወግቷል» የሚባለው ውሻ ብዙ ጊዜ የተወጋው ያንን ነው። ሁለተኛው፣ በተከተበ ማግሥት እንደተጠበቀ መቁጠር ነው፤ ሰውነቱ መከላከያውን እስኪያዳብር ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል። ሦስተኛው የከፋው ነው። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መቀመጥ ሲገባው በፌስታል ተይዞ በታክሲ ይዞራል፤ የሚወጋው ውሻውን እንጂ በሽታውን አይደለም። ብልቃጡ ከፍሪጅ ወይም በረዶ ካለበት ሳጥን ሲወጣ ይዩ፤ የላዩ ወረቀት ተልጦ ካርዱ ላይ ከነቀኑ ይለጠፍልዎ።

የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ ሰዓት ይዞ፣ ምክንያቱም ሰው 15 ደቂቃ ያህል የሚመስለው 2 ደቂቃ ነው። ቡና፣ ቅቤ፣ ቅጠል አይደረግበትም። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ፣ ክትባት ከታዘዘም እስከ መጨረሻው ቀጠሮ መጨረስ ግዴታ ነው። ጠበሉም ጸሎቱም ይቀጥል፤ መርፌው ግን አይቋረጥ። የነከሰውን ውሻ ተሯሩጦ መግደል ደግሞ ማስረጃ ማጥፋት ነው። ውሻው የሚታወቅ ከሆነ ታስሮ 10 ቀን ይታያል፤ በሽታውን በምራቁ የሚያስተላልፍበት ደረጃ ላይ ደርሶ ከነበረ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ይታመማል፣ ይሞታል። ይህ ግን የሰውየውን ሕክምና ማዘግያ አይሁን። ውሻው ከሞተ ምርመራው የሚደረገው በአንጎሉ ላይ ነውና ጭንቅላቱ አይቀጥቀጥ፣ በባዶ እጅም አይነካ። ሽማግሌዎቹ ዛሬም «ፓስተር» የሚሉት የጉለሌው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ጋ ከመሄድዎ በፊት ለወረዳችሁ የእንስሳት ሐኪም ያስታውቁ።

ታዲያ ማታ ካልተለቀቀ የት ይዋል፣ የት ይደር? በር ተዘግቶ ግቢ ውስጥ ይለቀቅ፤ ሌባ የሚሰማው ከውስጥ የሚጮኸውን ነው። የመሐል ከተማ ግቢ ለአምስትና ለስድስት ቤተሰብ የጋራ መሆኑን እናውቃለን፤ ጎረቤት ካልፈቀደ ሌላ መንገድ አለ። በሁለት ምሰሶዎች መካከል ከ8 እስከ 10 ሜትር የብረት ገመድ ከሰው ራስ ከፍ አድርጎ መወጠርና ሰንሰለቱን ገመዱ ላይ በሚንሸራተት ቀለበት ማንጠልጠል ነው። የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። ቀለበቱ ምሰሶው ድረስ እንዲሄድ ከተተወ ሰንሰለቱ ይጠመጠምና ውሻው ውኃው ጋ መድረስ ያቅተዋል፤ ከምሰሶው 1 ሜትር ተኩል መለስ ብሎ ገመዱ ላይ ማቆሚያ ይጥበቅበት። ገመዱ ወደ አጥር ከተጠጋ ደግሞ ውሻው ዘልሎ በወዲያኛው በኩል ተንጠልጥሎ ይታነቃል፤ ሰንሰለቱ በምንም ዓይነት አጥሩን መንካት የለበትም። ሰንሰለቱ ጫፍ ላይ የሚሽከረከር ማያያዣ ካልተደረገ በየዕለቱ እየተገመደ ያጥራል። ለዚህ የሚሆን ቦታ የሌለው ሰው ጠዋትና ማታ ግማሽ ግማሽ ሰዓት በገመድ ይዞት ይውጣ። ያንንም ካልቻለ፣ በግልጽ እንናገር፣ ውሻ አያሳድግ። በ1 ሜትር ሰንሰለት የሚኖር ውሻ በሚተኛበት ይጸዳዳል፤ መሸሽ ስለማይችልም የቀረበውን ሁሉ መንከስ ይለምዳል፤ ያ ደግሞ ጀግንነት አይደለም፣ ፍርሃት ነው።

ማሰሪያው ሥር ሁለት ጣት መግባት አለበት። በቡችላነቱ በሲባጎ ታስሮ የተረሳ ውሻ ሲያድግ ገመዱ ሥጋው ውስጥ ይሰምጣል፤ ጸጉሩ ስለሚሸፍነው የሚያጋልጠው ሽታው ነው። ቤቱ ከመሬት በብሎኬት ከፍ ይበል፣ በሩ ከነፋስ ይዙር፣ ስፋቱ ውሻው ቆሞ ለመዞር የሚበቃው ብቻ ይሁን። ትልቅ ቤት የኅዳርንና የታኅሣሥን ብርድ አያስጥልም፤ የሚያሞቀው የገዛ ገላው ሙቀት ነው። ምንጣፉም ያረጀ ብርድ ልብስ ሳይሆን ገለባ ይሁን፤ ብርድ ልብሱ በክረምት እርጥቡን ይዞ ያድራል።

ሴቶቹን ውሾች በተመለከተ፣ እርግዝናው ወደ 63 ቀን ነው፤ ከስድስት ወሯ ጀምሮ ልትፈለግ ትችላለች። ቡችሎቹን በካርቶን አድርጎ ቀበና ወንዝ ዳር መጣል ከመጣ በኋላ የሚያለቅሱት ብዙ ናቸው፤ ማምከኑን አስቀድሞ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከ10 እስከ 14 ቀን ቁስሉን እንዳትልስ፣ እንዳትርስ፣ እንዳትወጣ መጠበቅ ብቻ ነው። የወሊድ መከላከያ መርፌ ርካሽ ይመስላል፤ ማህፀኗ ውስጥ መግል እንዲቋጠር ሊያደርግ ስለሚችል በኋላ የሚጠየቀው የሕክምና ወጪ ከማምከኑ ይበልጣል። ወንዱ ቢኮላሽ መጠበቁን ይተዋል የሚባለውም ከንቱ ነው። እንግዳ ሲመጣ የሚጮኸው በጆሮውና በአፍንጫው ለይቶ ነው።

የበዓል ሰሞን ቅርጫ የራሱ መዘዝ አለው። ሳንባና ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ሲታይ ይቆረጥና ለውሻው ይወረወራል። ከረጢቱ ውስጥ ያለው የኮሶ ትል ዘር በውሻው አንጀት አድጎ ከ6 ወይም ከ7 ሳምንት በኋላ እንቁላሉን ከዓይነ ምድሩ ጋር ያወጣል፤ እንቁላሉ በልጅ እጅ ወደ አፍ ከገባ ያው ከረጢት በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ይበቅላል፤ ማውጫው ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ነው። ከረጢት ያለበትን ሥጋ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት መቅበር፣ ለውሻ የሚሰጠውንም ግማሽ ሰዓት ያህል ማፍላት፣ የትል መድኃኒቱንም ከሐኪም ጋር በቀጠሮ መስጠት ነው። የዶሮ ወጥ ፍርፋሪም ደግነት አይምሰላችሁ። ሽንኩርት በጥሬውም በብስሉም የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ 15 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 225 ግራም ያህል ጉዳት ለመጀመር ይበቃዋል። የአንድ ድስት ዶሮ ወጥ ሽንኩርት ስንት ኪሎ እንደሆነ ባለሙያዎቹ ያውቁታል።

በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርሱ ሰው ዕቃውን ጭኖ ሲሄድ ፍርስራሹ ላይ የቀሩት ውሾች የማንም አይደሉም ተባሉ። የሰው ነበሩ። ኮንዶሚኒየም ለሚገባ ሰው ውሻውን ለሚወስድ ዘመድ መፈለጊያው ጊዜ መኪና ሲጫን አይደለም፤ ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ፣ ተከትቦ፣ ከነካርዱ። ወዳዲሱ ቦታ የተወሰደም ለሁለት ሳምንት ያህል ከማሰሪያ አይፈታ፤ ከተፈታ የሚሮጠው ወደ አሮጌው ሰፈር ነው።

መርዝ መፍትሔ ለሚመስላቸው አንድ ነገር ብቻ። ስትሪክኒን የሚባለው የውሻ መርዝ የተከተበውን ካልተከተበው አይለይም። ሰፈር ውስጥ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል፤ መርዙ የተከተቡትን ሲጨርስ ባዶውን ቦታ የሚሞላው ከሌላ ሰፈር የመጣ ያልተከተበ ነው።

ስለዚህ ለእድሮች አንድ ሐሳብ አለን። የእብድ ውሻ ክትባት በባለ 10 ዶዝ ብልቃጥም ይመጣል፤ ከተከፈተ ሳይቆይ ማለቅ አለበት፤ ለአንድ ውሻ ከፍቶ ዘጠኙን መጣል ለሐኪሙም ለባለቤቱም ኪሳራ ነው። የእድሩ ዳኛ 9 ባለውሾችን መዝግቦ፣ አንድ እሑድ ጠዋት ሐኪሙን ከነበረዶ ሳጥኑ ይጥራ፤ እያንዳንዱ የየራሱን ውሻ በአጭር ገመድ ይያዝ፣ አፉ በሻሽ ይታሰርለት። 10ኛው ዶዝ ሥጋ ቤቱ በር ላይ ለሚተኛው ይሁን።

ሁለት የእንስሳት ሐኪሞች
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ