ለደንበኞቻችን፦ ላይሰንሱ በድርጅታችሁ ስም ይሁን

ጉዳዩ፦ የቨርቹዋል ራውተርና ፋየርዎል ላይሰንሶችን በአንድ የድርጅት አካውንት ስለመያዝ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው አዳማና አካባቢዋ ላይ ኔትወርካቸውን ለምንከታተልላቸው ሆቴሎች፣ ክሊኒኮች፣ ኮሌጆች፣ የቁጠባና ብድር ማኅበራትና የጭነት ድርጅቶች ነው። ከዚህ በኋላ የላይሰንስ (የሶፍትዌር መጠቀሚያ ፈቃድ) ሥራችሁን የምንይዘው በሌላ መንገድ ይሆናል። ምክንያቱን በደንብ እንድታውቁት እንፈልጋለን። ገንዘቡም ኔትወርኩም የእናንተ ነውና።

ድሮ ራውተር ስትገዙ ላይሰንሱ ከብረቱ ጋር ይመጣ ነበር። ዕቃው እስካለ ድረስ ፈቃዱም አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ትልልቅ የቴሌኮም ኩባንያዎች ጀርመን፣ ዳርምሽታት ላይ አንድ ሰነድ አወጡ። የኔትወርክ ዕቃው ሶፍትዌር ሆኖ ተራ ሰርቨር ላይ ይሥራ የሚል ሐሳብ ነበር። ያ ሐሳብ ዛሬ እናንተም ጋ ደርሷል። ብዙዎቻችሁ ቢሮ አንድ ሰርቨር ውስጥ ሁለት ሦስት ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር፣ አለ። አንዱ ራውተር ነው፣ አንዱ ፋየርዎል (ኔትወርኩን ከውጭ ጥቃት የሚጠብቅ)፣ አንዱ የእንግዶች ዋይፋይ መቆጣጠሪያ። ብረቱ አንድ ነው፣ ላይሰንሱ ግን ለእያንዳንዱ ለየብቻ።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ቨርቹዋል ማሽን በደቂቃዎች ውስጥ ኮፒ ይደረጋል፣ ይጠፋል፣ ወደ ሌላ ሰርቨር ይዛወራል። ላይሰንሱ የሚያውቀው ግን አንድን መለያ ቁጥር ብቻ ነው። ለምሳሌ ማይክሮቲክ የተባለው አምራች ሲኤችአር የሚለውን ቨርቹዋል ራውተር እንውሰድ። ላይሰንስ ሳይገባበት ከተነሳ በእያንዳንዱ ኢንተርፌስ (የኔትወርክ መውጫና መግቢያ) የሚልከው በሰከንድ 1 ሜጋቢት ብቻ ነው። ፒ1 የተባለው ደረጃ 1 ጊጋቢት ይፈቅዳል፣ ፒ10 ደግሞ 10 ጊጋቢት። ገደብ የሌለውም አለ። መጀመሪያ ለ60 ቀን መሞከር ይቻላል። አሁን አንድ ቴክኒሻን ይህን ማሽን ኮፒ አድርጎ ለሁለተኛው ቅርንጫፍ አስነሳው እንበል። ሁለቱም አንድ ዓይነት መለያ ይዘው ይነሳሉ። ስለዚህ ኮፒው ላይ አዲስ መለያ ማውጣት ግድ ነው። ለአዲሱ መለያ ደግሞ የራሱ ላይሰንስ ያስፈልጋል።

ይህን የረሳ ሰው ምን እንደሚገጥመው እናውቃለን። ከተማችን የስልጠናና የወርክሾፕ ከተማ ናት። የሆቴሉ ሰርቨር ተበላሽቶ ራውተሩ እንደ አዲስ ተጭኗል። አዳራሹ ሞልቷል፣ ሰው ላፕቶፑን ከፍቷል። ቪዲዮ ስብሰባ ይጀመራል፣ የዚያኛው ወገን ድምፅም ከዚህ የሚሄደውም ይቆራረጣል። ፋይል ይላካል፣ አይሄድም። ሁሉም መስመሩን ይወቅሳል። መስመሩ ግን ምንም አልሆነም። ራውተሩ ነው ላይሰንስ ሳይገባበት ነጻው የ1 ሜጋቢት ደረጃ ላይ የቀረው።

ፎርቲጌት ቪኤም የተባለው ቨርቹዋል ፋየርዎል ያላችሁ ደግሞ ሌላ ነገር ልብ በሉ። እዚያ ላይሰንሱ የሚለካው ለማሽኑ በተሰጠው የቨርቹዋል ሲፒዩ (ፕሮሰሰር) ቁጥር ነው። ፋየርዎሉ ኢንተርኔት ላይ ካለው የኩባንያው ሰርቨር ጋር እየተገናኘ ፈቃዱን ያረጋግጣል። አንዱን ላይሰንስ ሁለት ማሽን ላይ ብትጭኑት ይታወቃል።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይሄ ነው። እስካሁን ላይሰንስ ስንይዝ የነበረው በማሽን በማሽን ነው። ከዚህ በኋላ በድርጅት ደረጃ፣ በዶሜናችሁ (በድርጅታችሁ የኢንተርኔት ስም) ስር እንይዘዋለን። ድርጅቱ ለእያንዳንዱ አምራች አንድ አካውንት ይኖረዋል። አካውንቱ የሚከፈተው በድርጅቱ በራሱ ዶሜን ኢሜይል ነው። የተገዛው ላይሰንስ ሁሉ እዚያ ቋት ውስጥ ይገባል። አዳማ ያለው ዋና መሥሪያ ቤትም፣ ቢሾፍቱ ያለው ቅርንጫፍም፣ አሰላ ያለው መጋዘንም ከዚያው ይጠቀማሉ። የእድር ድንኳንና ወንበር ማለት ነው፤ ንብረቱ የማኅበሩ ነው፣ የሚያስፈልገው ይወስዳል፣ ሲጨርስ ይመልሳል።

ሌላው የኔትወርክ ዕቃ አምራች ሲስኮ ይህን አሠራር ስማርት አካውንት ይለዋል። አካውንቱ ከድርጅቱ ዶሜን ጋር ይያያዛል፣ ውስጡም በቨርቹዋል አካውንቶች ይከፋፈላል። የሁሉም አምራች አሠራር ግን እንዲህ ምቹ አይደለም። የማይክሮቲኩ ላይሰንስ አካውንታችሁ ውስጥ ይታያል፣ ከማሽን ወደ ማሽን የሚዛወረው ግን በእጅ ነው። ስለዚህ የቆየ ማሽን ከማጥፋታችሁ በፊት ደውሉልን። ላይሰንሱን መጀመሪያ እናውጣውና ከዚያ ይጠፋል።

ቋቱ የራሱ ጣጣ አለው፣ እሱንም ልንደብቃችሁ አንፈልግም። ሲስኮ ላይ አንድ ቨርቹዋል አካውንት ውስጥ አምስት ላይሰንስ ቢኖርና ስድስተኛ ማሽን ቢነሳ፣ የጉድለት ምልክቱ በስድስተኛው ላይ ብቻ አይወጣም። ያንኑ ዓይነት ላይሰንስ የሚጠቀሙት ሁሉ ከላይሰንስ ደንቡ ውጪ እንደሆኑ ይቆጠራሉ። የአንድ ቅርንጫፍ ሙከራ ሌላውን ይነካል ማለት ነው። ለዚህ ነው ቅርንጫፍ የበዛባችሁን ድርጅቶች ቋቱን በቅርንጫፍ እንድትከፋፍሉት የምንመክረው። ለሙከራ የሚሆን ማሽንም የራሱ ክፍል ይኑረው።

አካውንቱ በማን እጅ ነው የሚለው ግን ከሁሉም በላይ ያሳስበናል። ብዙ ቦታ አካውንቱን የከፈተው የአይቲ ሠራተኛው ነው፣ ያውም በግል ጂሜይሉ። ልጁ ክፉ ስለሆነ አይደለም። ሥራው አስቸኳይ ነበር፣ የድርጅት ኢሜይል አልነበረም፣ በያዘው ከፈተው። ከዓመት በኋላ የተሻለ ደሞዝ አግኝቶ ይሄዳል። የይለፍ ቃል መቀየሪያው የሚሄደው እሱ ስልክ ላይ ነው። በብዙ ዶላር የተገዛ ላይሰንስ በአንድ ሰው የግል ኢሜይል ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል። ድርጅቱ ደረሰኝ ይዞ ለአምራቹ ባለቤትነቱን ሲያስረዳ ይከርማል።

በእኛ ስም እንዲሆንም አንፈልግም። እንዲህ የሚሠሩ አሉ፤ ደንበኛው እንዳይሄድባቸው ላይሰንሱን በራሳቸው አካውንት ይይዙታል። እኛ ይህን ትክክል ነው ብለን አናምንም። ነገ ከእኛ ጋር መሥራት ብታቆሙ ላይሰንሳችሁን ይዛችሁ መሄድ አለባችሁ። እኛን በአካውንታችሁ ውስጥ እንደ ተጋባዥ አስገቡን። ስንለያይ ስማችንን ትሰርዙታላችሁ፣ በቃ።

አካውንቱ የሚከፈትበት ኢሜይል የሰው ስም አይኑረው። ለላይሰንስ ብቻ የሚሆን የጋራ ሳጥን ይከፈት። አስተዳዳሪዎቹ ሁለት ይሁኑ፣ አንዱ ከአይቲ አንዱ ከፋይናንስ ወይም ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ። ማረጋገጫ ኮድ የሚመጣበት ስልክም የድርጅቱ ይሁን። ዶሜኑ ራሱ በየዓመቱ እንደሚታደስ ደግሞ አትርሱ። ነጥብ ኢቲም ይሁን ነጥብ ኮም፣ ዶሜኑ ሳይታደስ ከቀረ ኢሜይሉ ይቆማል። ኢሜይሉ ሲቆም ወደ ላይሰንስ አካውንቱ መግቢያው አብሮ ይሄዳል። ትንሿን የዶሜን ክፍያ ንቃችሁ ትልቁን እንዳታጡ።

ስለ ቀን ትንሽ እናውራ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ላይሰንስ ላይ የሚጻፈው ቀን የፈረንጅ ነው። 05/03 የሚል ስታዩ ኅዳር 5 እንዳይመስላችሁ። በአውሮፓ አጻጻፍ ከሆነ ማርች 5 ነው፣ የካቲት 26 ማለት ነው። በአሜሪካ አጻጻፍ ከሆነ ደግሞ ሜይ 3፣ ሚያዝያ 25። በሁለቱ መካከል ሁለት ወር አለ። ሰዓቱም እንደዚያው። በዓለም አቀፍ ሰዓት እኩለ ሌሊት ላይ የሚያበቃ ላይሰንስ በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ያበቃል። ማንም ቢሮ በሌለበት ሰዓት ማለት ነው። ስለዚህ በምንልክላችሁ የላይሰንስ መዝገብ ላይ ሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፋል፣ ወሩም በቁጥር ሳይሆን በስም።

በጀቱም አለ። አብዛኞቻችሁ ሂሳብ የምትዘጉት ሰኔ 30 ነው። ነሐሴ ላይ ኤክስፓየር የሚያደርግ ላይሰንስ ካላችሁ የሚታደስበት ገንዘብ ሰኔ ሳያልቅ መታወቅ አለበት። ፕሮፎርማ መሰብሰቡ፣ የሥራ አስኪያጅ ፊርማው፣ የውጭ ምንዛሪው ሁሉም ጊዜ ይበላል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ ስለሚወሰን የአምናውን ክፍያ አይቶ የዘንድሮውን መገመት አይሆንም። ዋጋውን በዶላር እንነግራችኋለን፣ ብሩ በክፍያው ዕለት ምንዛሪ ይሰላል። በየወሩ ተበታትነው የሚያልቁትን ላይሰንሶች ደግሞ አምራቹ በሚፈቅድበት ቦታ ወደ አንድ የማብቂያ ቀን እናመጣቸዋለን።

አንድ ትንሽ ነገር እንጨምር። ሰርቨሩ ውስጥ ሲአር2032 የምትባል ክብ ባትሪ አለች። መብራት ሲጠፋ የማሽኑን ሰዓት የምትይዘው እሷ ናት። ባትሪዋ ደክማ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማሽኑ ሰዓቱን ወደ ኋላ ብዙ ዓመት ሊመልሰው ይችላል። ያኔ ላይሰንሱ ገና ያልጀመረ ይመስለዋል። ከአምራቹ ሰርቨር ጋር የሚያገናኘው ሰርተፍኬትም አይሠራም። ላይሰንሱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሰው አዲስ ሊገዛ ይሮጣል። በመጪው ጉብኝት የሁላችሁንም ባትሪ አይተን የደከመውን እንቀይራለን፣ ሰዓቱንም ከኢንተርኔት እንዲያስተካክል እናደርጋለን።

ክራክ የተደረገ (ላይሰንሱ በሕገወጥ መንገድ የታለፈ) ፋየርዎል አምጥታችሁ ጫኑልን ብትሉን አንጭንም። የማታውቁት ሰው የነካካውን ሶፍትዌር የክሊኒክ ታካሚዎች መረጃ ወይም የማኅበር አባላት ቁጠባ ፊት ማቆም በእኛ እጅ አይሆንም። አቅም ካነሰ ንገሩን። ዝቅ ያለ ደረጃ ወይም ነጻ ሶፍትዌር አማራጭ እናቀርባለን።

ከእናንተ የምንፈልገው ይህን ነው። ሁለቱን አስተዳዳሪዎች የሚገልጽ ማህተም ያለበት ደብዳቤ ላኩልን። የድርጅት ዶሜን የሌላችሁ ቀድማችሁ ንገሩን፣ አብረን እናወጣለን። አካውንቱን ለሄደ ሠራተኛ የተዋችሁ ካላችሁ የግዥ ደረሰኙንና የላይሰንስ ቁጥሩን ፈልጉ፤ ሰውየውንም በሰላም ደውሉለት፣ አብዛኛው ጊዜ በአንድ ስልክ ያልቃል። የማዛወሩን ሥራ ውል ላላችሁ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንሠራለን። ከግንቦት መጨረሻ በፊት የደረሰንን ከሰኔ 30 በፊት እንጨርሳለን። ከዚያ በኋላ የመጣው በአዲሱ በጀት ዓመት ተራውን ይጠብቃል።

ከሰላምታ ጋር
የቴክኒክና የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
አዳማ