ሲያምሽ አትደብቂኝ

ሚጡዬ የኔ እናት፣ አሁን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው፣ ሊጡ እስኪነሳ ትንሽ ፋታ አገኘሁና በስልኬ እየጻፍኩልሽ ነው። ቁጭ ብለን እንዳናወራ እኔ ከዳቦ ቤት ስገባ አንቺ ወጥተሻል አንቺ ስትገቢ ደግሞ እኔ ወጥቻለሁ፣ አንድ ቤት እየኖርን በደንብ ከተያየን እኮ ስንት ቀናችን።

አሰልጣኝሽ ደውሎልኝ ነበር። ረቡዕ ጃንሜዳ ሶስተኛው ዙር ላይ ወድቀሽ ነበር አለኝ። መውደቅሽ አይደለም ያስደነገጠኝ፣ ሯጭ ይወድቃል፣ "ለአባቴ እንዳትነግርብኝ" ብለሽ መለመንሽ ነው። ቅልጥሟን ካመማት ሁለት ሳምንት አልፏታል አለኝ። ሁለት ሳምንት! እናትሽም አታውቅም። ልጄ፣ ሲያምሽ አትደብቂኝ።

ሳምንትሽን ቆጠርኩት እኮ። ሰኞ ረቡዕ አርብ ከሌሊቱ 10 ተኩል ተነስተሽ ከግንፍሌ ጃንሜዳ፣ ከዛ ላብሽ ሳይደርቅ ትምህርት ቤት፣ ማክሰኞና ሐሙስ የሳይንስ ክበብ፣ ማታ ማታ የኮደርስ የኮምፒውተር ኦንላይን ኮርሱ እስከ 5 ሰዓት፣ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት፣ እሁድ ሰንበት ትምህርት ቤት። ጃንሜዳ ባለ ቀን የምትተኚው አምስት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው ማለት ነው። ሐኪሞቹ በአንቺ እድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይላሉ፣ የእድገት ሆርሞኑም በብዛት የሚለቀቀው ከባድ እንቅልፍ ላይ ነው።

ሁሉንም ተዪው አልልሽም። በተለይ የሽፈራው ፕሮጀክትሽን። ፍሬውን ፈጭተሽ ድፍርሱ ውሃ ውስጥ ስትጨምሪው ጭቃው ተሰብስቦ ወደ ታች ሲወርድ ያሳየሽኝ ቀን፣ የፍሬው ፕሮቲን ፖዘቲቭ ነው ጭቃው ኔጌቲቭ ነው ይሳሳባሉ እያልሽ ስታስረጂኝ ያ ደስታዬ እስካሁን አለ፣ እዚህ ለሚሰሩት ልጆች ሁሉ ስንቴ አውርቼላቸዋለሁ። ግን ቆርቆሮው ላይ ያስቀመጥሻቸው ጠርሙሶች ላይ "አይጠጣም" ብለሽ ጻፊባቸው። ስለጠራ ብቻ አይጠጣም፣ ፀሐይ ላይ 6 ሰዓት ካልቆየ ጀርሙ አይሞትም ያልሽኝ አንቺ ነሽ፣ የግቢው ሕፃናት ደግሞ ያገኙትን ነው የሚጠጡት።

ባለፈው ትንሽ እረፍት ብዬ ስቆጣሽ "አበበ ቢቂላ ታሞ ሮጦ አሸንፎ የለ" አልሽኝ። አዎ፣ በ1957 ጥቅምት ላይ ቶኪዮ ያሸነፈው የትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮን በሆነ በስድስት ሳምንት ውስጥ ነው። ግን ኦፕራሲዮን ሆኖ ነዋ! ሐኪም አይቶት፣ ተቀዶ፣ ተሰፍቶ። እንደ አንቺ ካልሲውን ወደ ላይ ስቦ አይደለም።

ይሄን ነግሬሽ አላውቅም። ኃይሌና ፋጡማ ሮባ አትላንታ ካሸነፉ በኋላ በ89 የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሯጭ ነበር፣ እኔም ጃንሜዳ ነበርኩ። አንድ ክለብ ሊመርጠን ነው ተባለ። አያትሽ ዕቁቧ ሲደርሳት ሰልባጅ ተራ ሄዳ ስፓይክ ጫማ ገዛችልኝ፣ ትንሽ ጠበብ ይል ነበር፣ ልክ ነው አልኳት። ቅልጥሜን ግን ጫማው ከመገዛቱ ሶስት ሳምንት በፊት ጀምሮ ያመኝ ነበር፣ ማታ ማታ አልጋ ውስጥ በእጄ ይዤው ነው የማድረው፣ ምን ሆንክ ስትለኝ ምንም። ወጌሻ ጋ ተደብቄ ሄጄ አሸኝ፣ ባሰብኝ። የምርጫው ቀን ሁለተኛው ዙር ላይ ቀጭ አለ፣ ሰማሁት እኮ ድምፁን። አጥንቱ ቀድሞ ተሰንጥቆ ነበር አሉ ሐኪም ቤት፣ ያኔ አርፎ ቢሆን ይድን ነበር።

አያትሽ ምን እንዳለች ታውቂያለሽ? "ጫማው ጠብቦት ነው፣ እኔ ነኝ ልጄን የሰበርኩት" አለች። እኔም ዝም አልኩ። እውነቱን ብናገር መደበቄ ሊታወቅ ነዋ፣ አፈርኩ። ነገ እነግራታለሁ፣ ለፋሲካ እነግራታለሁ እያልኩ ዓመታት ሄዱ። ያንን ጫማ ጠቅልላ ከአልጋዋ ስር አስቀምጣው ነበር፣ ስትሞት ነው ያወጣነው። እኔን እንደሰበረችኝ እያሰበች ነው የሞተችው ሚጡዬ። በኔ ዝምታ። እስከዛሬ እግሬ ሲነካካኝ የሚያመኝ አጥንቱ አይደለም።

ሲያምሽ አትደብቂኝ። አልቆጣሽም። ብቆጣም ንገሪኝ።

አላርምሽን እናትሽ ታጠፋዋለች፣ እሷን እንዳትቆጪ እኔ ነኝ ያዘዝኳት። ለአሰልጣኝሽ ዛሬ አትመጣም ብዬዋለሁ፣ ትምህርት ቤትም ጠዋት እደውላለሁ። 2 ሰዓት ላይ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን፣ ቅልጥምሽንም ደምሽንም ይዩልሽ፣ ካርዱ መሳቢያው ውስጥ ከመብራት ደረሰኞቹ ስር ነው። የኮደርስ ኮርሱን ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ እንዳትከፍቺው፣ አይሸሽም። ምሳሽን በልተሽ ወዲያው ሻይ መጠጣቱንም ተዪ፣ የምግቡን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያደርጋል፣ ምስሩ ላይ ሎሚ ጨምሪበት ይሻላል።

ሊጡ ተነስቷል፣ እየጠሩኝ ነው። ትኩስ ዳቦ ይዤ እመጣለሁ፣ ሳትበዪ ጠብቂኝ፣ መንገድ ላይ የት ቦታ እንደሚያምሽ በጣትሽ ታሳዪኛለሽ።

አባትሽ