ከተሩ (የስቲከር መቁረጫ ማሽኑ) አንድ በኩል እየሳተ ላስቸገራችሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ከደሴም ከኮምቦልቻም የምትጠይቁት ያው አንድ ነገር ነው፤ ማሽኑ በግራ በኩል አሪፍ ይቆርጥና በቀኝ በኩል ስቲከሩ አልላቀቅ ይላል። እባካችሁ ግፊት ለመጨመር አትቸኩሉ! ግፊቱ ሲበዛ ምላጩ የጀርባውን ወረቀት አልፎ ከስር ያለውን የመቁረጫ ላስቲክ ይሰነጥቀዋል፣ ከዚያ ወዲያ ያ ቦታ ሁሌ ያስቸግራል።

መጀመሪያ ትንንሽ ካሬ በግራ፣ በመሃልና በቀኝ ቁረጡ። ሦስቱም ጋ ከሳተ ምላጩን ጠርጥሩ። ወይ ደንዟል፣ ወይ መያዣው ውስጥ ፍርፋሪ ገብቷል፤ ፈታችሁ አጽዱት። ጫፉም ብቅ ማለት ያለበት ለዓይን በጭንቅ እስኪታይ ብቻ ነው፣ ተራ ስቲከር ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሳተ ግን ላስቲኩን በጥፍራችሁ ዳስሱት። ጥፍራችሁ ከያዘው አልቋልና ቀይሩት። ስቲከሩን ከላይ የሚይዙት ሮለሮችም እኩል መጫናቸውን እዩ።

የ«ቀ» ወይም የ«ዐ» ክብ መጨረሻው ከመነሻው አልገጥም ካለ ደግሞ ጉዳዩ የኦፍሴት (የምላጩ ጫፍ ከመያዣው መሃል ያለው ርቀት) ነው፤ ለተለመደው ባለ 45 ዲግሪ ምላጭ ብዙ ጊዜ ከ0.25 ሚሊሜትር ጀምሩ።

ደሴ ያላችሁ፣ ጠዋት በብርዱ ስቲከሩ ስለሚጠነክር ክፍሉ ትንሽ ሞቅ ሲል ቁረጡ። አሁንም ካልሆነላችሁ የሦስቱን ካሬ ፎቶ እዚሁ ላኩ።