ሞተሩን በደንብ እንሰረው

ሰላም ጓዶች፣

ቅዳሜ አቃቂ ግቢው ውስጥ ጀልባችንን ሳይ ሞተሩን የያዙት ሁለቱ የእጅ ማጥበቂያዎች ብቻ ናቸው። ነካ ሳደርገው ነቅነቅ አለ። ሞተሩ የተሰቀለበት የኋላ ጣውላ ላይም ክብ ክብ ጭረት ወጥቷል። በጣም አሳስቦኛል። ማጥበቂያ በንዝረት ይላላል፤ ከዚያ ሞተሩ ሐይቅ ውስጥ ነው።

ቢሾፍቱ ሳንወስዳት የኋላውን ጣውላ በትራፓኖ በስተን የማይዝግ ብሎን እናሳልፍበት። ከውስጥ በኩል ሰፊ ሮንዴላ ይግባ፣ የማይላላ ዳዶም ይታሰርበት። ቀዳዳውን ደግሞ ውሃ በማያስገባ ማሸጊያ እንሙላው፤ እባካችሁ ይቺን አንዝለላት። እንጨቱ እርጥበት ከጠጣ ከውስጥ ይበሰብሳል፣ ያኔ ምንም ብሎን አይይዘውም።

ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ክንፍ ከጀልባዋ ሆድ ጋር እኩል ወይም 2 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ይበል። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ሁሉንም ደግመን እናጠብቃለን።

ሞተሩ ቢላላ እንዳይሰምጥ ከጀልባዋ ጋር የምናስርበትን ሰንሰለት እኔ አመጣለሁ። ትራፓኖ ያላችሁ እሁድ ጠዋት ይዛችሁ ኑ።