የሻገተ ለውዝ ወፍጮ ቤት አይግባ

ይድረስ ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፤

ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ በርበሬ፣ ሽሮና ለውዝ የምፈጭበት ወፍጮ ቤት አለኝ። ገበያተኛው የሚያየው የተለቀመውን ለውዝ ነው። የተጣለ የሚመስለው የት እንደሚደርስ የምናየው ግን እኛ ባለወፍጮዎች ነን።

ከባቢሌም ሆነ ከሌላ ቦታ የመጣው ለውዝ በኬሻ ይራገፋል። ሴቶች ቁጭ ብለው ይለቅሙታል። ደህናው ተቆልቶ ከኮሎ ጋር ይሸጣል። የተጨማደደው፣ የጠቆረው፣ አረንጓዴ ሻጋታ የያዘው ለብቻ ይቀመጥና በርካሽ ይሸጣል። ገዢው ቆልቶ ወደ እኔ ያመጣዋል። ከተፈጨ በኋላ ማን ይለየዋል? ስኳርና ጨው ሲገባበት የለውዝ ቅቤ ይሆናል። እናት ለልጇ ዳቦ ላይ ትቀባለች። የሕፃናት ምጥን ውስጥ የሚገባም አለ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄኛው ነው።

«ተቆልቷል እኮ፣ ምን ይሆናል?» ይሉኛል። እሳት ሻጋታውን ይገድላል። ሻጋታው የተወውን አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ግን አያጠፋውም። መርዙ አይታይም፣ አይሸትም። የጉበት ካንሰር እንደሚያመጣ ተረጋግጧል፤ ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። መጀመሪያ የታወቀውም በለውዝ ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ከ100 ሺህ በላይ ተርኪ የሚባሉ ትልልቅ ዶሮዎች አለቁ። ሲመረመር ከብራዚል የመጣ የለውዝ ፋጉሎ በልተው ነበር። ስለዚህ «ለከብት ይሁን» ማለትም አያዋጣም። ላሟ የበላችው መርዝ በወተቷ ተመልሶ ይመጣል።

ሻጋታው ከማሳ ጀምሮ ሊይዝ ይችላል። ደርቆ የመጣውም ቢሆን እዚሁ ይበላሻል። በክረምት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ኬሻው ባዶ ሲሚንቶ ላይ ተደርድሮ ይከርማል። ቅርፊቱ ቶሎ እንዲላቀቅ ውሃ የሚያርከፈክፉም አሉ። ከሥር የእንጨት ርብራብ ማድረግ ስንት ያወጣል?

እኔ የሻገተ አልፈጭም ብዬ እመልሳለሁ። ደንበኛው ተቆጥቶ ሌላ ወፍጮ ቤት ይሄዳል፣ እዚያ ይፈጭለታል። የቤት ኪራይና የመብራት ሂሳብ ስለማውቅ በጓደኞቼ አልፈርድም። ግን አንድ ሰው ብቻውን እምቢ ቢል ምን ዋጋ አለው?

ሌላም አለ። ለቃሚዎቹ ሴቶች ከክፍያቸው ላይ ግርዱ፣ ማለትም ተለቅሞ የወጣው መጥፎ ለውዝ፣ በምራቂ መልክ የሚሰጣቸው ቦታ አለ። እነሱም ቤት ወስደው ለልጆቻቸው ይቆሉታል። ቀኑን ሙሉ ሲለቅሙ ለዋሉ እናቶች ይህ አይገባቸውም። ክፍያቸው በብር ይሁን፤ ግርዱም ገበያው ውስጥ በሰው ፊት ይቃጠል።

የከተማችን ጤናና ንግድ ጽሕፈት ቤቶች የደሴንና የኮምቦልቻን ባለወፍጮዎች ሰብስበው የሻገተ እንዳይፈጭ አንድ ደንብ ያውጡልን። ከአዲሱ ለውዝ በፊት ቢሆን ጥሩ ነው። በተጠራሁበት ቀን ወፍጮዬን ዘግቼ እመጣለሁ።

ባለወፍጮ፣ ከደሴ